ኩባያ የማያስፈልገው እንቁላል

ቶሪቢዮ ባዶ ቅርጫቱን በክንዱ አንጠልጥሎ እያፏጨ ወደ ግቢው ሲገባ ጥቁሯ ዶሮ ጓሮው መሃል ወዲያ ወዲህ እያለች ትጮህ ነበር። ጩኸቷ እንቁላል የጣለች ዶሮ ጩኸት አልነበረም። እንቁላል የጣለች ዶሮ ትኩራራለች፤ ይቺ ግን አንገቷን አስግጋ፣ ላባዋን ነፍታ፣ ዕቃ የጠፋበት ሰው ትመስላለች። ፉጨቱ ከንፈሩ ላይ ቀረ።

ማቀፊያዋ ከማንጎው ዛፍ ሥር በጎኑ የተጋደመ የእንጨት ሳጥን ነው። ጎንበስ ብሎ እጁን ሰደደ። የዶሮዋ ሆድ ጭዱ ላይ የሠራው ጎድጓዳ እንዳለ ነው፤ እንቁላል ግን የለም። ጭዱም ቀዝቅዟል።

"ሉዶ!" ብሎ ተጣራ። "ሉዶቪና!"

እህቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከኩሽና ወጣች። ሚስቱ ኔሬይዳ ከሞተች ወዲህ ሉዶቪና አልፎ አልፎ ከዋና ከተማው እየመጣች ቤቱን ታቃናለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ አጥር ላይ የሰቀለውን ሁሉ ታወርድበታለች።

"ምን ሆነሃል? ሰፈሩን ልትሰበስብብን ነው?"

"እዚህ ሳጥን ውስጥ የነበሩት እንቁላሎች የት ሄዱ?"

"ወስደሃቸው መጣህ አይደል እንዴ?"

"ማን? እኔ?"

"አንተ ነህ እንጂ! ጠዋት 'አምስት ደርዘን አልሞላልኝም' እያልክ ስትነጫነጭ ሰማሁህ። አንተ ገላህን ስትታጠብ ጓሮውን ዞር ዞር ብዬ ለቀምኩልህና ከሌሎቹ ጋር ደረደርኳቸው። ያቺ ጥቁር ሰይጣን ምን እንዳደረገችኝ አየህ?" የእጇን ጀርባ አሳየችው፤ ሁለት ቦታ ተቦጭሯል። "ደግሞ ሲያስጠሉ! ከሰል በከሰል። በሳሙና ፈትጌ ነው ያጠብኳቸው። እንደዚያ አቆሽሸህ ለኬክ ጋጋሪ ልትወስድ ነበር? ኔሬይዳ ብታይህ ታፍርብህ ነበር።"

ቶሪቢዮ ሳጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ከሰሉ ምልክት ነበር፣ ሉዶ። መስቀል ነው። እነዚያ የታቀፉ ናቸው። ሳምንት አልፏቸዋል።"

ሉዶቪና እዚሁ ግቢ ነው የተወለደችው። የከተማ ኑሮ ብዙ ነገር ቢያስረሳትም ይህን ጨርሶ አላስረሳትም። እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

"ድንግል ሆይ" አለች። "የመስቀሉን ነገር…"

የኔሬይዳ ደንብ ነበር። ዶሮ ማቀፍ ስትጀምር ደህና ደህና እንቁላሎችን ትመርጥና በእያንዳንዱ ላይ በከሰል መስቀል ትሠራለች፤ ሌሎቹ ዶሮዎች እዚያው መጥተው ሲጥሉባት አዲሱን ከታቀፈው ለመለየት። ቁጥራቸውን ደግሞ ምንጊዜም ጎዶሎ ታደርገዋለች። ቶሪቢዮ ለምን እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም። እናቷም እንደዚያ ታደርግ ነበር፤ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። እሷ ከሞተች በኋላ እሱም ዝም ብሎ እንደዚያ ማድረጉን ቀጠለ።

አሁን እነዚያ እንቁላሎች ጸድተው፣ አምረው፣ ኬክ ጋጋሪዋ ካሲልዳ ኩሽና ውስጥ ናቸው። በገዛ እጁ ነው ያስረከባት። "ዛሬስ እንደ ዕንቁ ያበራሉ፣ አበልጅ" ብላው ነበር። እሱም ደስ ብሎት ፈገግ ብሏል።

እነሱ አገር እንቁላል ብርቅ አይደለም። ከሞካ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የዶሮ እርባታ ነው፤ በየቀኑ መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ ነጭ እንቁላል ያዞራል። ቤታቸው ኬክ የሚጋግሩ ሴቶች ግን ለትልቅ ድግስ የጓሮ እንቁላል ነው የሚፈልጉት። አስኳሉ ብርቱካን ይመስላል፤ ኬኩ ሲቆረጥ ውስጡ ወርቅ ይሆናል። ኔሬይዳ ከቤት የተረፈውን ለእነዚህ ሴቶች ትሸጥ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ለካሲልዳ። ካሲልዳ የሴት ልጃቸው የክርስትና እናት ናት።

ካሲልዳ የሱቅ እንቁላል ስትሰብር አንድ በአንድ ኩባያ ውስጥ ነው፤ አይታ፣ አሽትታ፣ ከዚያ ወደ ሊጡ። የኔሬይዳን እንቁላል ግን በሁለት እጇ ሁለት ሁለቱን ይዛ፣ የሊጥ መምቻ ማሽኑ እየዞረ፣ በቀጥታ ሊጡ ላይ ነው የምትሰብረው። "የኔሬይዳ እንቁላል ኩባያ አያስፈልገውም" ትላለች ሰው ፊት። ኔሬይዳ ይህን ስትሰማ ምንም አትልም፤ ማታ ግን ለባሏ ትነግረዋለች። የነገረችው አንዴ ብቻ አይደለም።

ከቀብሩ በኋላ ቶሪቢዮ የመጀመሪያውን ቅርጫት ይዞ የሄደ ዕለት ካሲልዳ ኩባያውን ታነሳ እንደሆነ ቆሞ አየ። አላነሳችም። ሁለት እንቁላል ይዛ የማሽኑ ጎድጓዳ ጠርዝ ላይ ኳ አደረገቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን እንቁላል ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ ሳያይ አይወስድላትም። ዛሬ ግን ሉዶቪና ደርድራ ጠበቀችው፤ እሱም ረፍዶበት ነበር፤ አንስቶ ሄደ።

"ደውልላታ!" አለች ሉዶቪና።

"ሊጥ ስትመታ ስልክ አታነሳም።"

"ሰብራ ስታየው ይገባታል።"

"አታየውም። የእኛን አታይም።"

ቶሪቢዮ ቆቡን አነሳ።

የኪራይ ሞተር ላይ ተቀምጦ የነገው ሰርግ ዓይኑ ላይ ድቅን አለበት። የመምህርቷ ልጅ ልታገባ ነው፤ ኬኩ ባለ አራት ደርብ ነው፤ ከተማው ግማሹ ተጠርቷል። ለካሲልዳ ይህ ተራ ትዕዛዝ አይደለም። ለደብሩ በዓል የሠራችው ኬክ መሃሉ ሰርጎ፣ ሰው ፊት ተጋድሞ ከዋለ ወዲህ "የካሲልዳ እጅ ወደቀ" ይባላል። የሚያዝዛት ጠፋ። መምህርቷ ብቻ ናት የድሮ ውለታ አስባ የመጣችላት። ጠዋት እንቁላሉን ስትቀበለው "ይሄ ካማረልኝ አፋቸውን ይዘጋሉ" ብላው ነበር፤ "ካላማረልኝ ምድጃውን ሸጬ ቁጭ እላለሁ።" በቀልድ መልክ ነው ያለችው። ዓይኗ ግን አልሳቀም።

ሙሽራዋ ቁራሽ ወደ አፏ ስታደርግ ታየው። ከዚያ በላይ ማሰብ አልፈለገም።

"ምናልባት አንዱም አልተሰበረም ይሆናል" አለ ለራሱ። ጥቂት ሄዶ ደግሞ "ምናልባት አይታዋለች" አለ። ሦስተኛው ሐሳብ ከሁለቱም የባሰ ነበር፤ ዝም ብሎ ቢመለስስ? ሊጥ ውስጥ ከተመታ በኋላ ማን ያውቃል? ሎሚ አለበት፣ የሩም አረቄ አለበት፣ አናናስ አለበት። ይህን ያሰበው እሱ ራሱ መሆኑ አስደነገጠውና ሞተረኛውን ትከሻውን ነካ አደረገው።

"ትንሽ ፍጠን።"

"ምነው ዶን ቶሪ፣ ዶሮዎቹ እያባረሩህ ነው?"

"አዎ" አለ ቶሪቢዮ።

የካሲልዳ ባል ክሪስፒን በረንዳው ላይ ወንበሩን ከበሩ ፊት ጎትቶ፣ ለብቻው ዶሚኖ ይደረድራል። ከውስጥ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል።

"አበልጅ! ገና ከመሄድዎ ተመለሱ? ለምሳ ከሆነ ዛሬ ምሳ የለም። ቤቱ ተይዟል።"

"ካሲልዳን ላናግራት።"

"ሊጥ እየመታች ነው።"

"አውቃለሁ። የሚያስቸኩል ነገር ነው።"

"እኔ ባሏ ነኝ፤ ውሃ ሲጠማኝ ከጎረቤት ነው ለምኜ የምጠጣው" አለ ክሪስፒን። "ያለፈው ኬክ የተኛው የአክስቷ ልጅ ድንገት ገብታ ሊጡን ስላየችው ነው ብላ ነው የምታምነው። የሰው ዓይን ሲያርፍበት ሊጡ ተበላሸ። ዛሬ ጳጳሱም ቢመጡ እዚሁ ከእኔ ጋር ዶሚኖ ይጫወታሉ እንጂ አይገቡም።"

ቶሪቢዮም ያምንበታል፤ እዚያ ሰፈር የማያምንበት የለም። ሊጥ እየተመታ ኩሽና የገባ ሰው ኬኩ ቢበላሽ ዕድሜ ልኩን ሲነሳበት ይኖራል። በሩን ገፍቶ ቢገባ እሱ አበላሸው፤ ባይገባ ደግሞ እሱ አበላሸው። ቤቱን ዞሮ ወደ ኩሽናው መስኮት ሄደ። የመስኮቱ እንጨቶች ተዘግተዋል። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቷ ልብስ እያሰጣች ነው፤ ይቺ ሴት የሰማችውን እስኪመሽ መላው ሰፈር ይሰማዋል።

አፉን ለእንጨቱ አስጠግቶ "አበልጅ" አለ በለሆሳስ።

ማሽኑ ይዞራል።

"አበልጅ ካሲልዳ! ቶሪቢዮ ነኝ!"

በማሽኑ ድምፅ መሃል ኳ የሚል ነገር ተሰማው። ከዚያ ደግሞ ኳ። ጠርዙ ላይ ሁለት ሁለት እየተሰበረ ነው። ቶሪቢዮ ጎረቤቷን አንዴ አያት፤ ከዚያ ተዋት።

"እንዳይሰብሩ! የታቀፉ አሉበት! እንቁላሎቹ ውስጥ የታቀፉ አሉበት!"

የጎረቤቷ እጅ ገመዱ ላይ ቀረ። ማሽኑም ቆመ።

የጓሮው በር ሲከፈት ካሲልዳ ፀጉሯን በጨርቅ አስራ፣ ክንዷ ድረስ ዱቄት ሆና ቆማለች።

"ምን አልክ?" አለችው።

በሃያ ዓመት አበልጅነት 'አንተ' ብላው አታውቅም። ቶሪቢዮ ቆቡን አውልቆ ሁሉንም ነገራት፤ ሳጥኑን፣ ከሰሉን፣ ሳሙናውን። እህቱን አልወቀሰም። "ሳላይ ወሰድኩልዎት" አለ። "እኔ ነኝ ያላየሁት።"

ካሲልዳ አልጮኸችም። ዘወር ብላ ወደ ውስጥ ገባች፤ በሩን ግን ክፍት ተወችው። ቶሪቢዮ መግባት እንዳለበት ገባው።

አንድ ደርብ ምድጃ ውስጥ ነው፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፤ ቅቤና ሎሚ። የሁለተኛው ሊጥ ማሽኑ ውስጥ ወርቅ መስሎ ተኝቷል። ከካርቶኖቹ ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው። የተሰበሩት ቅርፊቶች ባልዲ ውስጥ ናቸው፤ ሁሉም ንጹህ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።

"መብራቱን አጥፉልኝ" አለች ካሲልዳ። ክሪስፒን ተከትሏቸው ገብቶ ነበር፤ ዛሬ ማንም አልከለከለውም። በሩን ዘግቶ አጠፋው። ካሲልዳ የስልኳን መብራት አብርታ በጡጫዋ ሸፈነችና የመጀመሪያውን እንቁላል በጣቶቿ ቀለበት ላይ አስቀመጠች። እንቁላሉ ከውስጥ ፍም ሆነ። ንጹህ ነው። ሁለተኛውም ንጹህ ነው። አራተኛው ላይ ቀይ ክር እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ታየ።

"አንድ" አለች።

ክሪስፒን መቀለድ አቆመ። ቶሪቢዮ እያንዳንዱን እያነሳ ያቀብላታል፤ እሷ ታያለች፤ ንጹሁን ወደ ቀኝ፣ የታቀፈውን ወደ ግራ። አንድ ሲገኝ ቶሪቢዮ ደስ ይለዋል፤ ሊጡ ውስጥ ያልገባ አንድ ነውና። ደግሞ ወዲያው የቀረው ያስጨንቀዋል። የመጨረሻው ካርቶን ሲያልቅ በግራ በኩል አሥር እንቁላል ተደርድሯል።

"ስንት ነበር ያስታቀፉት?" አለች ካሲልዳ።

ቶሪቢዮ አፉን ከፈተ፤ ቁጥሩ ከጭንቅላቱ ጠፋ። የዚያን ዕለት ምሽት ከሰሉን በጣቱ ይዞ ሳጥኑ ፊት ተንበርክኮ እንደነበር ያስታውሳል፤ ዘጠኝ ይሁን፣ አሥር ይሁን፣ ከዚያ ይበልጥ፣ ሊመጣለት አልቻለም።

"አላስታውስም።"

"ነፍሷን ይማርና ኔሬይዳ ጎዶሎ ነበር የምታስታቅፈው" አለች ካሲልዳ ቀስ ብላ። "እርስዎስ?"

ቶሪቢዮ ጥያቄው የት እንደሚያደርሰው አየ። 'እኔ እንደዚያ ባለ ነገር አላምንም፤ አሥር ነው' ቢል ሁሉም ነገር ይድናል። ምድጃ ውስጥ ያለው ይድናል፤ ወርቁ ሊጥ ይድናል፤ ካሲልዳም ሌሊቱን ተኝታ ታድራለች። ክሪስፒንም እንደዚያ እንዲል የሚለምነው መሰለው፤ ዓይኑን አፍጥጦበታል።

"እንደ እሷ ነው የማደርገው" አለ ቶሪቢዮ። "ጎዶሎ ነው።"

"እንግዲያው ቢያንስ አንድ ይጎድላል።"

"አንድ ይጎድላል።"

ካሲልዳ ምድጃውን አጠፋች። ገና መሃሉ ያልበሰለውን ኬክ በጨርቅ ይዛ አወጣችና ወደ ጓሮ ሄደች። ቀጥላ የማሽኑን ጎድጓዳ አንስታ ወጣች። ሊጡ ባልዲው ውስጥ ሲወርድ ምንም ድምፅ አልነበረውም። ጎረቤቷ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ "ምነው ዶኛ ካሲልዳ?" አለች።

"ጨው በዛበት" አለቻት ካሲልዳ። "አሁን ሂጂና ለሁሉም ንገሪልኝ፤ ካሲልዳ ጨው አበዛች በይ።"

ተከትሏት የወጣው ቶሪቢዮ ስትመለስ ከበሩ አላለፈም።

"ምን ይገተራሉ?" አለችው። "እጅዎን ይታጠቡ። ንጹሆቹ አይበቁም። ክሪስፒን፣ መብራት ሳይሄድ ሱቅ ሮጠህ እንቁላል አምጣ።"

ከዚያ እስከ አመሻሹ ቶሪቢዮ እንቁላል ሰበረ። የሱቁን ነጭ፣ የራሱን ቡኒ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ፣ ኩባያ ውስጥ። እሷ ኩባያውን ተቀብላ ታያለች፣ ታሸታለች፣ ትገለብጣለች፤ ባዶውን ትመልስለታለች። መብራት አንዴ ጭልጭል ሲል ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ ተመለሰ። ያን ሁሉ ሰዓት ካሲልዳ ሁለት ቃል ብቻ ነው የተናገረችው፤ "ይቀጥሉ" እና "ቀስ"። የመጀመሪያው ደርብ እንደገና ምድጃ ሲገባ ወንበር ላይ ተቀምጣ መስታወቱን አፍጥጣ ታይ ጀመር። ቶሪቢዮ ደህና እደሩ ብሎ ወጣ። የመለሰለት ክሪስፒን ነው።

ቤቱ ሲደርስ ሉዶቪና በሩ ላይ ነበረች።

"እህስ?"

"አሥሩ ተገኘ። አንዱ አልተገኘም። ያን ሁሉ ሊጥ ደፋችው።"

"የትኛው አንዱ?"

"አሥራ አንደኛው ነዋ!" ቁጥሩ አሁን፣ ሲናገር መጣለት። "አሥራ አንድ ነበሩ።"

የሉዶቪና ፊት ቀስ በቀስ ተለወጠ።

"ቶሪ… እኔ አሥር ነው የወሰድኩት።"

"ምን?"

"አንዱ ተንከባሎ ከሳጥኑ ጀርባ ገባብኝ። ላወጣው ስል ነው ያቺ ሰይጣን እጄን የቦጨቀችኝ። 'እንግዲያው ላንቺ ይሁን' ብዬ ተውኩላት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅከኝ? ቆብህን ይዘህ ሮጥክ!"

ቶሪቢዮ የእጅ ባትሪ ይዞ ወደ ማንጎው ዛፍ ሄደ። ዶሮዋ ጩኸቷን ትታለች። ከሳጥኑ ጀርባ በደረቀ ቅጠል መሃል ላባዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። እጁን ከሆዷ ሥር ሲሰድ ነከሰችው፤ አላወጣውም። አንድ እንቁላል፣ ትኩስ። ላዩ ላይ የከሰል መስቀል፣ ከአንድ ጎኑ ደብዘዝ ብሎ።

መልሶ አስገባላት። ኩርምት ብሎ ብዙ ቆየ። ያ ሊጥ ንጹህ ነበር። ባልዲ ውስጥ የተደፋው ሁሉ፣ ቅቤው፣ ስኳሩ፣ የሴትዮዋ ግማሽ ቀን፣ ምንም አልነበረበትም። አሁን ይህን መንገር ማንን ይጠቅማል? ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ኪሱ ከተተ፣ እንደገና አወጣ።

ያነሳችው ራሷ ናት።

"አበልጅ፣ አሥራ አንደኛው እዚህ ነው ያለው። ከነመስቀሉ። ዶሮዋ ሥር። ሊጡ… ሊጡ ደህና ነበር።"

ቶሪቢዮ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ።

"ደርቡ ተነስቷል" አለች በመጨረሻ። "የመጀመሪያው። ቀጥ ብሎ ተነስቷል።"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ያቺ ከእንቁላሉ የምትወጣው ጫጩት የኔ ናት።"

"የእርስዎ ናት።"

"አውራ ከሆነም የኔ ነው። አርጄ እበላዋለሁ።" ስልኩ ተዘጋ። ቶሪቢዮ ስቃ ይሁን ተቆጥታ መለየት አልቻለም።

ኬኩ ሰርጉ ላይ እስኪቆረጥ ድረስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ውስጡ እንደ ድሮው ወርቅ አልነበረም፤ ፈዘዝ ብሎ ነበር፤ ይህን ያሉ ሰዎች አልጠፉም። እየበሉ ነው ያሉት። በሳምንቱ ሁለት ትዕዛዝ መጣላትና ካሲልዳ ለቶሪቢዮ ላከችበት።

ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጥግ ይዞ ቆመ። በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ ጭድና ጭቃ አለ፤ አንዱንም አላጠበውም። ካሲልዳ አንስታ አየች። በእርጥብ ጨርቅ ጠረገቻቸው። ከዚያ እጇን ወደ መደርደሪያው ዘርግታ ኩባያውን አወረደች።

ቶሪቢዮ ኩባያውን አየ። ከኔሬይዳ ጊዜ ጀምሮ፣ ከዚያ ከሰርጉ ዋዜማ በቀር፣ ለእነሱ ግቢ እንቁላል ወርዶ አያውቅም። አንገቱን ሊደፋ ነበር። ካሲልዳ የመጀመሪያውን ሰብራ ወደ ብርሃኑ አዘንብላ አየች፣ አሸተተች።

"ደህና ነው" አለችና ገለበጠችው። ሁለተኛውን ሰበረች። "ይሄም ደህና ነው። ቁጭ አይሉም እንዴ፣ አበልጅ? ረጅም ጊዜ ይወስዳል።"

ቶሪቢዮ ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ሦስተኛው ኳ አለ። ኔሬይዳ ከሞተች ወዲህ እዚህ ኩሽና ውስጥ ተቀምጦ እንደማያውቅ ትዝ አለው፤ ሁልጊዜ በሩ ጥግ ቆሞ ነበር የሚሰማው።

"ደህና ነው" አለች ካሲልዳ።